አዲሱ ተርም ሲጀመር፤ ልጃችን በካቶሊክ ትምህርት ቤት



ሴፕቴምበር ሲገባ በእንግሊዝ አገር የትምህርት ቤቶች በር ይከፈታል። እስቲ ለንደን ውስጥ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ሙስሊም እናት እናስብ። የመጀመሪያ ልጇ 4 ዓመት ሞልቶታል። አዲሱን ሹራብ አልብሳ፣ ጫማውን አስራ፣ «ቢስሚላህ በል» ብላ ከቤት ይዛው ትወጣለች። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ልጁ ቀና ብሎ ሰማያዊ ነጠላ የተከናነበች ሴት ሐውልት ያያል። «ኡሚ፣ ይቺ ማን ናት?» ሲል ይጠይቃታል።

እናቲቱ ምን ብላ ትመልስለት? «ዝም ብለህ ግባ» ትበለው? ወይስ ደንግጣ እጁን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለስ? ልጇን ያስመዘገበችው በካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ይህ ጥያቄ የእርሷ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች በየዓመቱ የሚጋፈጡት ጥያቄ ነው። ከእነዚህም መካከል የእኛው ወንድሞችና እህቶች፣ የአክስቶቻችንና የአጎቶቻችን ልጆች ይገኙበታል።

እንዴት እዚያ ደረሱ?

በእንግሊዝና በዌልስ ሁለት ሺህ ገደማ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከመንግሥት በጀት ከሚተዳደሩት ትምህርት ቤቶች ከአስሩ አንዱ የካቶሊክ ነው ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ አንደኛ ደረጃ ሲሆኑ፣ በመንግሥት በጀት በሚተዳደሩት ውስጥ ወላጅ ለትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። ስለዚህ ለአንዳንዱ ቤተሰብ በእግር የሚደረስበት ቅርቡ ትምህርት ቤት ይኸው ይሆናል። ሌላው ደግሞ ሥርዓቱን፣ የተማሪዎቹን ጨዋነትና የትምህርቱን ደረጃ አይቶ ይመርጠዋል። «ፈጣሪን የሚያወሳ ትምህርት ቤት ጨርሶ ከማያወሳው ይሻላል» የሚል ወላጅም አለ።

ምዝገባው የሚከናወነው ልጁ ከሚገባበት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ለአንደኛ ደረጃ ማመልከቻው የሚዘጋው ጃንዋሪ 15፣ መልሱ የሚሰጠው ደግሞ ኤፕሪል 16 ነው። አመልካቹ ከቦታው ከበለጠ ቅድሚያ የሚሰጠው ለካቶሊክ ልጆች ነው። ቦታ ከተረፈ ግን ትምህርት ቤቱ «ሃይማኖትህ ሌላ ነው» ብሎ ወንበሩን ባዶ ማስቀረት አይችልም። በዚህም ምክንያት በበርሚንግሃምና በብላክበርን የሙስሊም ተማሪዎች ቁጥር ከካቶሊኮቹ በልጦ የተገኘባቸው የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ታይተዋል።

የትምህርት ቤቱ ውሎ

ወላጅ በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ልጁ እዚያ ምን እንደሚያጋጥመው ነው። በካቶሊክ ትምህርት ቤት ቀኑ በጸሎት ይጀመራል። ተማሪዎቹ ያማትባሉ። ከምሳ በፊት ይጸለያል፣ ወደ ቤት ሲኬድም እንዲሁ። በየክፍሉ መስቀልና ሻማ ያለበት ትንሽ የጸሎት ስፍራ ይዘጋጃል። የካቶሊክ ጳጳሳት ከትምህርት ጊዜው ቢያንስ 10 በመቶው ለሃይማኖት ትምህርት እንዲውል ይጠይቃሉ።

ዓመቱ በ3 ተርሞች ይከፈላል። እያንዳንዱም የራሱ የሃይማኖት በዓላት አሉት። በመጀመሪያው ተርም የልደት በዓል ዝግጅት አለ። ትንንሾቹ ልጆች እረኛና መልአክ ሆነው ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) መወለድ ተውኔት ይሠራሉ። ሁለተኛው ተርም በአመዱ ረቡዕ የሚጀመረውን የጾማቸውን ወቅት ይይዛል። በሦስተኛው ተርም ደግሞ ሜይ የማርያም ወር ተብሎ ይታሰባል። 7 ወይም 8 ዓመት የሆናቸው የካቶሊክ ልጆችም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ተርም ለመጀመሪያ ጊዜ ይቆርባሉ።

ይህ ሁሉ በድብቅ የሚሠራ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ማንነቱን በበሩ ላይ ጽፎ፣ በመመሪያው አትሞ ነው የሚቀበለን። ስለዚህ በዲሴምበር ልጃችን የመልአክ ክንፍ ለብሶ ስናየው «እንዴት እንዲህ ይደረጋል!» ብለን ብንጮህ ጥፋቱ የማን ነው? በሴፕቴምበር ያልጠየቅነው የእኛው አይደለምን?

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ወላጆች የማያውቁት ነገር እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የእንግሊዝ የትምህርት ቤቶች ሕግ አንቀጽ 71 ለወላጅ ግልጽ መብት ይሰጣል። ወላጅ ልጁ ከጋራ ጸሎት፣ ከሃይማኖት ትምህርት ወይም ከሁለቱም እንዲቀርለት ሊጠይቅ ይችላል። ምክንያት የመዘርዘር ግዴታ የለበትም። ልጁ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል እንዲቀር መጠየቅም ይቻላል። ለምሳሌ «ልጄ ስለ ክርስትና በክፍል ይማር፤ በጸሎቱና በቅዳሴው ግን አይካፈል» ማለት ይቻላል። በዚያን ሰዓት ልጁን የመጠበቅ ኃላፊነት የትምህርት ቤቱ ነው። ይህ መብት አዲስ አይደለም፤ በ1944ቱ የትምህርት ሕግም ውስጥ ነበር።

የዒድ ጉዳይም በሕግ ተቀምጧል። በ1996ቱ የትምህርት ሕግ አንቀጽ 444 መሠረት ልጁ ወላጆቹ በሚከተሉት ሃይማኖት በተለይ ለበዓል በተመደበ ቀን ቢቀር እንደ ጥፋት አይቆጠርበትም። ይሁን እንጂ ጨረቃ እስክትታይ ጠብቆ በማግስቱ ዝም ብሎ ከማስቀረት፣ በተርሙ መጀመሪያ «ዒድ በዚህ ወይም በዚያ ቀን ይውላል» ብሎ መጻፍ ከአደብም ይቆጠራል፣ ለመምህሯም ይመቻል።

የሚገርመው ደግሞ ካቶሊኮቹ ራሳቸው ይህን መብት በሰነዳቸው ያሰፈሩት መሆኑ ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሃይማኖት ነፃነት ባወጣው ሰነድ፣ ልጆች ከወላጆቻቸው እምነት ጋር የማይስማማ ትምህርት እንዲከታተሉ ቢገደዱ የወላጆቻቸው መብት እንደተጣሰ ይቆጥረዋል። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላው ሰነድ ደግሞ ስለ ሙስሊሞች በአክብሮት ይናገራል። ስለዚህ ወላጅ ወደ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ሲገባ እንደ ለማኝ አንገቱን ደፍቶ ወይም እንደ ጠበኛ ተቆጥቶ መግባት አያስፈልገውም። የሚጠይቀው ሕጉም የእነርሱም ሃይማኖት የተቀበለውን ነገር ነው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? ጸሎቱ ሲደረስ ልጄ የት ይሆናል? እጁን ሳያጣምርና ሳያማትብ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ይፈቀድለታል? ቅዳሴ በሚኖርበት ቀን ማን ይጠብቀዋል? ለምሳ ሐላል ሥጋ አለ? ከሌለ የአትክልት ወይም የዓሣ ምግብ ይሰጠዋል? የልደት ቀን ሲከበር የሚታደለው የሚለጠጥ ከረሜላ ብዙ ጊዜ የአሳማ ጄላቲን አለበትና፣ መምህሯ ይህን ታውቃለች? እነዚህን በወረቀት ጽፎ መያዝ ከአንድ ዓመት ጭቅጭቅ ያድናል። በየትኛው ነገር መካፈል ይፈቀዳል፣ በየትኛው አይፈቀድም የሚለውን ግን በግምት ሳይሆን ዐሊሞችን ጠይቆ መወሰን ይገባል።

ደብዳቤ ብቻ አይበቃም

እንግዲህ ወላጁ ደብዳቤውን ጻፈ እንበል። ልጁ ጸሎት ሲደረስ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰዳል። ተገላገልን ማለት ነው? አይደለም! ልጁን ከጸሎቱ ማስወጣት የሥራው ግማሽ ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሹም አይደለም። በካቶሊክ ትምህርት ቤት ሃይማኖቱ በግድግዳው፣ በመዝሙሩና በተረቱ ሁሉ ውስጥ አለ። ልጁ ጓደኞቹ የሚያደርጉትን ያያል፣ ይሰማል። የ5 ዓመት ልጅ «አንተ አትግባ» ሲባል የሚሰማው ብቸኝነት ነው። ለምን እንደሆነ ካላወቀ እስልምናውን የሚያስታውሰው «አይፈቀድልህም» በሚል ቃል ብቻ ይሆናል። «እኛ የምንኮራበት የራሳችን አለን» የሚለውን ከየት ይስማ?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማንኛውም ሕፃን በፊጥራ ላይ እንደሚወለድና መንገዱን የሚለውጡት ወላጆቹ እንደሆኑ አስተምረውናል። እዚህ ላይ ትኩረት እንስጥ፤ ኃላፊነቱ የተጣለው በወላጆች ላይ እንጂ በመምህር ላይ አይደለም። ልጁ በሳምንት 5 ቀን ጧትና ቀትር የሌሎችን ጸሎት እየሰማ፣ ቤቱ ሲመጣ ቴሌቪዥን ብቻ ከጠበቀው ማንን እንውቀስ? አባት ከሥራ ሲመለስ ሱጁድ ሲወርድ ካላየው፣ እናት ማታ ሱረቱል ፋቲሓን ካላስቀራችው፣ ቅዳሜና እሑድ መድረሳ ካልሄደ፣ ያ የተጻፈ ደብዳቤ ምን ይጠቅመዋል?

በተቃራኒው ቤቱ የሞላለት ልጅ ብዙ አይፈራለትም። ስለ መርየም በትምህርት ቤት ከመስማቱ በፊት ከእናቱ አፍ ይስማ። በቁርኣን ውስጥ በስሟ የተጠራች ብቸኛዋ ሴት መርየም መሆኗን፣ አንድ ሙሉ ሱራም በእርሷ ስም መሰየሙን ይወቅ። ምጥ ወደ ዘንባባው ግንድ እንዴት እንዳስጠጋት፣ ሕፃኑ ዒሳ (ዐ.ሰ.) በአንቀልባ ሳለ በአላህ ፈቃድ እንዴት እንደተናገረ ይተረክለት። ያኔ በዲሴምበር የሚሰማው ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም። የሚጋራውንም የሚለይበትንም ያውቃል። «ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ ነው፤ የአላህ ልጅ አይደለም» ብሎ ሳይሳደብና ሳያፍር መናገር ይችላል።

ጾሙንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2025 ሳዑዲ ዐረቢያ ረመዷንን ማርች 1 ስትጀምር የካቶሊኮቹ ጾም ማርች 5 ገብቷል። በዚያ ሳምንት በአንድ ክፍል ውስጥ ስለ ሁለት ጾሞች ሊወራ ይችል ነበር። ሕፃን ልጅ መጾም ግዴታ ባይሆንበትም፣ በቤቱ ሱሑርና ኢፍጧር ያየ ልጅ በዚህ ጊዜ ለጓደኞቹ የሚናገረው አያጣም።

ከእነርሱ የምንማረው

እነዚህ ትምህርት ቤቶች እንዴት እንደተሠሩ ማወቁም ይጠቅመናል። በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ የነበሩት ካቶሊኮች በቁጥር አነስተኞች ነበሩ። ብዙዎቹም ከአየርላንድ ረሃብና ድህነት የሸሹ ስደተኞች ሲሆኑ፣ በሃይማኖታቸውም በጥርጣሬ ይታዩ ነበር። ጳጳሳቱ እ.ኤ.አ. በ1852 በጉባኤ ሲሰበሰቡ፣ ምርጫ ቢመጣ ከሚያምር ቤተ ክርስቲያን በፊት ትምህርት ቤት እንዲሠራ ወሰኑ። ልጆቹ ከጠፉ ሕንፃውን ማን ይሞላዋል ብለው ነው። ድሆቹ ምእመናን ከጉርሳቸው ቀንሰው ትምህርት ቤቶቹን አቆሙ። ዛሬ የእኛ ልጆች የሚቀመጡበት ወንበር የዚያ ልፋት ፍሬ ነው።

ሙስሊሞችም በዚያው አገር ይህን መንገድ ጀምረዋል። በለንደን ብሬንት የሚገኘው እስላሚያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዩሱፍ እስላም አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1983 ተቋቁሞ፣ ከብዙ ዓመታት ውትወታ በኋላ በ1998 የመንግሥት በጀት አግኝቷል። በዚህ በኩል በር ከፋች ከሆኑት አንዱ ነው። የእኛ ማኅበረሰብስ? ሠርግ ላይ የምናፈሰውን ያህል ለመድረሳ እናወጣለን? ይህን ጥያቄ ለንደን ያለውም አዲስ አበባ ያለውም፣ ደሴም ጅዳም ያለው ለራሱ ይመልስ።

በነጃሺ ፊት

ከሌላ ሃይማኖት ተከታይ ዕውቀት መቅሰም ለእስልምና እንግዳ አይደለም። ከበድር ዘመቻ በኋላ ከተማረኩት ቁረይሾች መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ያልነበራቸው፣ መጻፍ ግን የሚያውቁት፣ የአንሷር ልጆችን ጽሕፈት አስተምረው ነፃ እንዲወጡ መደረጉ በሲራ ተመዝግቧል። መምህራኑ ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ። ልጆቹ ፊደሉን ወሰዱ፣ ጣዖቱን ተዉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የእኛው አገር ታሪክ አለ። ሰሐቦቹ ወደ ሐበሻ ተሰደው በክርስቲያኑ ንጉሥ በነጃሺ ጥላ ሥር ሲኖሩ፣ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ምን እንደሚያምኑ በአደባባይ ተጠየቁ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ንጉሡ እንዳይቆጣ ብሎ እምነቱን አልደበቀም፤ ክርስቲያኖቹንም አልተሳደበም። ከሱረቱ መርየም ቀራ። እውነቱን በጨዋ አንደበት ተናገረ። ንጉሡም አለቀሰ፤ ስደተኞቹንም አሳልፎ አልሰጠም። በካቶሊክ ትምህርት ቤት ደጃፍ ለቆመ ሙስሊም ወላጅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ወደዚያች እናት እንመለስ። ልጇ አሁንም እጇን ይዞ ቀና ብሎ እያያት ነው። ጎንበስ ብላ እንዲህ ትበለው፦ «ይህ ክርስቲያኖች መርየምን አስበው የሠሩት ሐውልት ነው። እኛም መርየምን በጣም እንወዳታለን፤ ማታ ታሪኳን እነግርሃለሁ። ነገር ግን እኛ ለሐውልት አንጸልይም፤ የምንሰግደው ለአላህ ብቻ ነው። መምህርህን አክብር፣ ጓደኞችህን ውደድ። በል ቢስሚላህ ብለህ ግባ።»

ዋናው ነገር ማታ ሲሆን የገባችለትን ቃል መፈጸሟ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። በሄዱበት ሁሉ ኢማናቸውን ይጠብቅልን። እኛንም የተጣለብንን አማና የምንወጣ ወላጆች ያድርገን። አሚን።