ብሩ ስልክ ውስጥ ሲገባ፦ የዲጂታል ክፍያ ትርፍና ያልተቆጠረ ወጪው

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለቅዳሜ አጥቢያ፣ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተማሪው ሳይተኛ አደረ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በሒሳብ ውስጥ የሌለ ገንዘብ ጭምር እያወጣ መሆኑ ከስልክ ወደ ስልክ ተዛመተ፤ ኤቲኤም ያለበት ቦታ ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ደርሶ አገልግሎቱን እስኪያቋርጥ ድረስ 490 ሺሕ ያህል ግብይት ተካሂዷል። ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ፣ ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው፣ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው።

ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተም ጥገናና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ ብልሽት መሆኑን ገለጸ። የንግድ ባንክ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ ገንዘቡን በፈቃዱ የሚመልስ እንደማይከሰስ ተናገሩ። ያልመለሱት ግን ስማቸውና ፎቷቸው ለሕዝብ ይፋ ሆነ። አብዛኛው ገንዘብም ብዙ ሳይቆይ ወደ ባንኩ ተመለሰ።

ያ ሌሊት በተነሳ ቁጥር የሚወራው ስለ ተማሪዎቹ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነው የሚናገር ጥቂት ነው። ባንኩ በወቅቱ ከ38 ሚሊዮን በላይ የሒሳብ ባለቤቶች ነበሩት። አገልግሎቱ በተቋረጠባቸው ሰዓታት፣ ምንም ያላጠፋው ደንበኛ የገዛ ገንዘቡን ማንቀሳቀስ አልቻለም። አስቤዛ ሊገዛ ለወጣውም፣ ታማሚ ይዞ ሆስፒታል ለቆመውም መልሱ አንድ ነበር፦ “ሲስተም የለም።”

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ሰው ነው። ዲጂታል አገልግሎት ካሉት በሮች አንዱ ሆኖ ሲመጣ ሁሉንም ይጠቅማል። ሌሎቹ በሮች ተዘግተው እሱ ብቻ ሲቀር ግን አዲስ ወጪ ይፈጠራል። ያ ወጪ በየትኛውም ተቋም ሪፖርት ላይ አይሰፍርም፤ ከፋዩም አብዛኛውን ጊዜ አቅም የሌለው ሰው ነው።

ትርፉ እውነት ነው

የቅርቡን ዘመን የማያስታውስ ካልሆነ በቀር የዲጂታል ክፍያን ጥቅም የሚክድ አይኖርም። የመብራትና የውኃ ሒሳብ ለመክፈል “ለሁሉ” ማዕከል ደጃፍ ግማሽ ቀን መሰለፍ የተለመደ ነበር። ገጠር ላለች እናት ገንዘብ ለመላክ አገር ቤት የሚሄድ ዘመድ ይፈለጋል፤ ካልተገኘም የአውቶቡስ ረዳት ይለመናል። ገንዘቡ ሳይደርስ ቢቀር የሚጠየቅ አልነበረም።

ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር ይህ ሁሉ ተለወጠ። በ2016 በጀት ዓመት ማብቂያ የተጠቃሚው ቁጥር ከ47 ሚሊዮን አልፏል። የሳፋሪኮሙ ኤም-ፔሳም በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ገበያውን ተቀላቀለ። ቴሌብር ዘመናዊ ስልክ ለሌለው ሰው *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከአማርኛ ሌላ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛም ያገለግላል። ይህ አሠራር ባይኖር ኖሮ አገልግሎቱ ከከተማ ባልወጣ ነበር።

ብድሩም ቀላል ለውጥ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር “መላ”፣ “እንደኪሴ” እና “ሳንዱቅ” የተባሉ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶችን ጀመረ። ከዚያ በፊት የቤት ካርታም ሆነ መኪና ማስያዝ የማትችል የጉልት ነጋዴ የነበራት ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ ዕቁብ ወይም አራጣ አበዳሪ ነበር። ዛሬ በስልኳ ካንቀሳቀሰችው ገንዘብ ተነስቶ አነስተኛ ብድር ያለ ዋስትና ይፈቀድላታል። የተመደበላት ጣሪያ በምን ስሌት እንደተወሰነ ግን የሚያስረዳት የለም፤ ቅር ቢላትም ፊት ለፊት የምትጠይቀው ሠራተኛ አታገኝም።

አማራጩ ግዴታ ሲሆን

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በግንቦት ደግሞ በክልሎች ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ቀረ። መንግሥት ለዚህ በቂ ምክንያት ነበረው። ነዳጅ በየመንደሩ በጀሪካን ይቸበቸብ ነበር፤ ለሕዝብ ትራንስፖርት ታስቦ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ይሰጥ የነበረው የታለመ ድጎማም ትክክለኛው ሰው ዘንድ መድረሱን መከታተል ያስፈልግ ነበር። ዓላማው የሚደገፍ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ኔትወርክ ሲጠፋ ነው። ማደያው ነዳጅ አለው፤ ሾፌሩ ብር አለው፤ ግብይት ግን የለም። የዕለት ገቢ ለባለንብረቱ ማስገባት ያለበት የታክሲ ሾፌር በሰልፍ የሚያጠፋውን ሰዓት የሚመልስለት ተቋም የለም። ማደያውም ባንኩም ቴሌኮሙም ብልሽቱን አንዱ ወደ ሌላው ይገፋል፤ ኪሳራው ግን ሾፌሩ ላይ ይቀራል።

ይህ በሰዓታት የሚቆጠር መጉላላት ነው። ሰሜኑ ያየው ግን ከዚህ የከበደ ነው። በትግራይ ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰ በኋላ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ ተቋርጠው፣ የክልሉ ሕዝብ ለሁለት ዓመት ገደማ ባብዛኛው ያለ እነዚህ አገልግሎቶች ኖሯል። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመ ሰው በባንክ ደብተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያየ ተራበ። በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ገንዘብ ሙሉ በሙሉ በመስመር ላይ በሚኖርበት አገር መስመሩን የሚዘጋ ውሳኔ የሰዎችን ኪስም አብሮ ይዘጋል። ጥሬ ገንዘብን ለማስቀረት የሚጣደፍ ሁሉ ይህን ሊዘነጋው አይገባም።

ሚስጥር ቁጥሩ በማን እጅ ነው?

የማታነብ እናት ስልኳ ላይ መልእክት ሲገባ ለልጅ ልጇ፣ እሱ ከሌለ ለጎረቤት፣ እሱም ከሌለ ለሱቅ ጠባቂው ትሰጣለች፤ “እስቲ ልጄ፣ እይልኝ።” ሚስጥር ቁጥሯንም አብራ ትነግረዋለች፤ ምክንያቱም ሌላ ምርጫ የላትም። ቀድሞ በመስኮት በኩል አውራ ጣቷን አትማ፣ ብሩን በእጇ ቆጥራ የምትወጣ ሴት ዛሬ ስንት እንዳላት ራሷ አታውቅም። አብዛኛው ልጅ፣ አብዛኛው ጎረቤት ታማኝ ነው። ሆኖም በገዛ ገንዘቧ ላይ የነበራት ሥልጣን ከእጇ ወጥቷል። ይህ ማንም ያልቆጠረው ኪሳራ ነው።

አጭበርባሪውም የሚገባው በዚሁ ቀዳዳ ነው። “ከባንክ ነው የምንደውለው፣ የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩን”፤ “በስህተት ብር ልኬልዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ”፤ “ሽልማት ደርሶዎታል።” ለባለሱቁ ደግሞ የተጭበረበረ የክፍያ ማረጋገጫ ያሳዩታል፤ ዕቃው ከሄደ በኋላ ሒሳቡን ሲያይ የገባ ብር የለም። ተበዳዩ ወደ ተቋሙ ሲሄድ የሚሰማው መልስ ሁሌም ተመሳሳይ ነው፦ ሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም እንዳይሰጡ አስጠንቅቀን ነበር።

እዚህ ላይ ያን የመጋቢት ሌሊት አጥብቀን ልናስበው ይገባል። ሲስተሙ ተሳስቶ ባንክ ሲጎዳ አገልግሎት በመላ አገሪቱ ይቋረጣል፤ እያንዳንዱ ብር በማን ሒሳብ እንደገባ ይታወቃል፤ ወሳጁ በስምና በፎቶ ይፈለጋል። ይህ መደረጉ ስህተት አልነበረም፤ የሰው ገንዘብ መመለስ አለበት። ነገር ግን ያ ቅልጥፍና አንድ ነገር አረጋግጧል፦ የዲጂታል ገንዘብ ዱካው አይጠፋም። እንዲህ ከሆነ የአንዲት ጡረተኛ አምስት ሺሕ ብር ሲዘረፍ ዱካውን ለመከተል የሚጎድለው ቴክኖሎጂው አይደለም፤ የተቋሙ ፈቃድ ነው።

ሌላው አገር ያደረገው

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ተታሎ ከሒሳቡ ገንዘብ ለላከ ደንበኛ እስከ 85 ሺሕ ፓውንድ ድረስ እንዲካስ ግዴታ ጥላለች። ካሳውን ላኪውና ተቀባዩ ተቋም እኩል ይከፍላሉ። ደንቡ ባንኮቹን ራሳቸው ከሳሪ ስላደረጋቸው አጠራጣሪ ዝውውርን ቀድመው ለመያዝ ምክንያት አገኙ። ኖርዌይ በዓለም ጥሬ ገንዘብ እጅግ አነስተኛ ጥቅም ላይ ከሚውልባቸው አገሮች አንዷ ናት። በዚያው ወር ግን ሸማች በሱቅ በጥሬ ገንዘብ የመክፈል መብቱን የሚያጠናክር ሕግ ሥራ ላይ አዋለች፤ ቀውስ ቢመጣ፣ መስመር ቢቋረጥ ሰው መግዛትና መሸጥ መቻል አለበት ብላ ነው።

በእኛም ዘንድ ዜጋውን በሕግ ለመጠበቅ መነሻው አለ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳ የተባለውን መታወቂያ ሕጋዊ አድርጎታል፤ የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል ይሰበስባል። ይህን የመሰለ መረጃ አንዴ ከሾለከ እንደ ሚስጥር ቁጥር መቀየር አይቻልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ ስለዚህ ትልቅ እርምጃ ነው። የሚቀረው፣ መረጃው የተነካበት ዜጋ ማን ዘንድ ሄዶ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ በተግባር ማየት ነው።

ሊደረግ የሚገባው

አንደኛ፣ መብራት፣ ውኃ፣ ነዳጅ፣ ሕክምናና ጡረታን የመሰለ መሠረታዊ አገልግሎት የሚሰጥ ተቋም ሁሉ ሰው የተቀመጠበት፣ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል አንድ መስኮት ይኑረው። ነዳጅን የመሰለ ቁጥጥር የሚሻ ዘርፍ ቢያንስ ኔትወርክ በጠፋ ሰዓት በደረሰኝ የሚሠራበት ሥርዓት ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ሲስተም በተቋረጠበት ቀን የመክፈያ ጊዜው ያለፈበት ሰው ቅጣት አይጣልበት። ሦስተኛ፣ ማጭበርበር ሲፈጸም ተጎጂው በደወለበት ቅጽበት ገንዘቡን የሚያግድ፣ ቀንም ሌሊትም የሚሠራ አሠራር ይዘርጋ፤ ኪሳራውም በተቋሙና በደንበኛው መካከል በሕግ ይከፋፈል። አራተኛ፣ ብድር የተከለከለ ሰው ምክንያቱን በቋንቋው የማወቅ መብት ይኑረው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ያስወጣል። መስኮት መክፈት፣ ሠራተኛ መቅጠር፣ ካሳ መክፈል ርካሽ አይደለም። ነገር ግን ወጪው ዛሬም አለ፤ ታክሲ ሾፌሩ፣ የማታነበው እናትና የተዘረፈችው ጡረተኛ በየቀኑ ይከፍሉታል። ከዲጂታል ክፍያ ትርፍ፣ በተጠቃሚነት ከመቆጠር የዘለለ ድርሻ የሌላቸው እነዚህ ሰዎች ወጪውን ብቻ መሸከማቸው ፍትሕ አይደለም። ትርፉን የሚሰበስበው ወጪውንም ይካፈል።