ጽንስ በመሣሪያ ሲቋረጥ ሴቲቱ የሚሰማትን ሕመም ስለ ማስታገሥ

በሐኪም ቤት ከሚሠሩት ሥራዎች መካከል ጊዜያቸው እጅግ አጭር ከሆነው አንዱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንስን በመሣሪያ ማቋረጥ ነው፤ ቢበዛ ከሦስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ይፈጃል። የሥራው ማጠር ግን አንድ ጎጂ አስተሳሰብ አስከትሏል፤ ይኸውም «ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ትችለዋለች» የሚለው ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው ይህ አነጋገር ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለመመርመርና ዛሬ በእጅ ያሉት የማስታገሻ መንገዶች እያንዳንዳቸው ምን እንደሚችሉ፣ ምንም እንደሚሳናቸው ለማስረዳት ነው። ስለ ውርጃ በሃይማኖትና በግብረ ገብ ረገድ ያለው ክርክር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ሴቲቱ ከአልጋው ላይ ከተኛች በኋላ ግን ሕመሟ የሐኪሙ ኃላፊነት መሆኑን የሚክድ ያለ አይመስለንም።

፩ኛ፤ ጥያቄው በአገራችን ስለምን ይነሣል?

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥን የፈቀደው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 551 ምክንያቶቹን አሰፋ፤ ጽንሱ በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ወይም የጽንሱ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በዕድሜዋ ማነስ ምክንያት ልጁን ለማሳደግ የማትችል ስትሆን አያስቀጣም። በ1998 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ ደግሞ ሥራውን ሐኪሞች ብቻ ሳይሆኑ የሠለጠኑ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና አዋላጆች በጤና ጣቢያ እንዲሠሩት ተፈቀደ።

እንግዲህ ሥራው ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወጥቶ የማደንዘዣ ባለሙያ ወደማይገኝበት ጤና ጣቢያ ደርሷል ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን «ከሁሉ የበለጠው ማደንዘዣ የቱ ነው?» የሚል ብቻ ሊሆን አይችልም፤ «አንዲት አዋላጅ ነርስ ባላት መሣሪያ ሕመሙን ምን ያህል ልትቀንስ ትችላለች?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

፪ኛ፤ ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ቀድሞ ማኅፀንን በብረት መፋቅ የተለመደ ነበር፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «ማኅፀን መጠረግ» ይለዋል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በቻይና አገር የመምጠጫ ዘዴ ተገለጠ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካዊው ሃርቪ ካርማን የሚተጣጠፈውን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አስተዋወቀ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚሠራበት በእጅ የሚሳበው ትልቅ ሲሪንጅ የዚህ ልጅ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም በብረት መፋቅ ቀርቶ በመምጠጥ እንዲተካ ይመክራል።

በሥራው ጊዜ ሕመም የሚሰማው በሁለት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው የማኅፀን አንገት ሲያዝና ሲከፈት ነው። የዚህ ክፍል ስሜት ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚሄደው ከማኅፀን አንገት ግራና ቀኝ ባለው የነርቭ መረብ አልፎ ከወገብ በታች ባሉት የሳክራል ነርቮች (ከ2ኛው እስከ 4ኛው) ነው። ሁለተኛው ማኅፀኑ ሲመጠጥና ባዶ ሆኖ ሲኮማተር የሚመጣው ቁርጠት ነው። የላይኛው የማኅፀን ክፍል ስሜት ግን በሌላ መንገድ፣ ከ10ኛው የደረት ነርቭ እስከ 1ኛው የወገብ ነርቭ ባለው በኩል ይጓዛል። መንገዱ ሁለት ከሆነ አንዱን ብቻ መዝጋት እንደማይበቃ አንባቢ ከዚህ ይረዳል።

፫ኛ፤ የማስታገሻ መንገዶች

ሀ) የሚዋጥ መድኃኒት። ማኅፀንን የሚያኮማትሩት ፕሮስታግላንዲን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ናቸው። አይቡፕሮፌን የእነዚህን መሠራት ስለሚቀንስ ቁርጠቱን ከምንጩ ያዳክማል። ከ400 እስከ 800 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ነገር ግን ሥራው ከመጀመሩ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ መዋጥ አለበት። ሴቲቱ አልጋ ላይ ከወጣች በኋላ የሚሰጥ ክኒን የሚረዳት ወደ ቤት ስትሄድ እንጂ በሥራው ጊዜ አይደለም። የጨጓራ ቁስል ወይም የኩላሊት በሽታ ላለባት አይስማማም። ፓራሲታሞል ብቻውን ግን በሥራው ጊዜ የሚሰማውን ሕመም እንደማይቀንስ ታውቋል።

ለ) በማኅፀን አንገት ዙሪያ የሚሰጥ ማደንዘዣ። ሊዶኬይን በስዊድን አገር በኒልስ ሌፍግሬን በ1943 እ.ኤ.አ. የተሠራ መድኃኒት ነው። የተለመደው መጠን 1 ከመቶ የሆነ 20 ሚሊሊትር ነው፤ ጥቂቱ አንገቱ በሚያዝበት ቦታ፣ የቀረው በዙሪያው እየተከፋፈለ ይወጋል። መድኃኒቱ ደም ሥር ውስጥ እንዳይገባ መርፌውን ከመግፋት በፊት ሳብ አድርጎ ማየት፣ ሲገፋም ቀስ ማለት ያስፈልጋል።

ስለ ጥቅሙ ሁነኛ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ አገር በ120 ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ምርመራ፣ ሴቶቹ ሕመማቸውን ከ0 እስከ 100 በሆነ መለኪያ እንዲያመለክቱ ተጠየቁ። አንገቱ ሲከፈት ማደንዘዣ ያልተሰጣቸው በአማካይ 79፣ የተሰጣቸው 42 አሉ፤ ሲመጠጥ ደግሞ ያልተሰጣቸው 89፣ የተሰጣቸው 63። ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ 89 ከ100 ማለት «ለጥቂት ደቂቃ ነው» በሚል ቃል የሚታለፍ ሕመም አይደለም። ሁለተኛ፣ ማደንዘዣው በመክፈቱ ጊዜ ያለውን ሕመም ከመምጠጡ ይልቅ አብልጦ ቀንሷል፤ ይህም ከላይ ስለ ሁለቱ የነርቭ መንገዶች ካልነው ጋር ይስማማል። መርፌው ራሱም ያማል፤ ስለዚህ ለሴቲቱ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል።

የመድኃኒቱ መጠን ግን በክብደት ይለካል። የሚፈቀደው ለአንድ ኪሎ ክብደት 4.5 ሚሊግራም ያህል ነው። 20 ሚሊሊትር ውስጥ 200 ሚሊግራም ስላለ፣ ክብደቷ 50 ኪሎ ለሆነ ሴት (ገደቧ 225) ችግር የለውም። 40 ኪሎ ለምትመዝን ግን ገደቡ 180 ሚሊግራም፣ ማለት 18 ሚሊሊትር ነው። በአገራችን ቀጫጭን ልጃገረዶች ብዙዎች ስለ ሆኑ ይህን ሒሳብ ሳይሠሩ መርፌ ማንሣት አይገባም። መጠኑ ሲያልፍ ጆሮ ይጮኻል፣ የአፍ ዙሪያ ይደነዝዛል፤ ሲብስም ሰውነት ይንቀጠቀጣል።

ሐ) በደም ሥር የሚሰጥ ማረጋጊያ። ፈንታኒልና ሚዳዞላም ሲጣመሩ ሴቲቱ ሳትተኛ ትረጋጋለች፣ ሕመሟም ይቀንሳል። ነገር ግን ሁለቱም ትንፋሽን ሊያዳክሙ ስለሚችሉ አተነፋፈሷን ብቻ የሚጠብቅ ሌላ ሰው፣ ኦክሲጅንና የመድኃኒቶቹ ማርከሻ (ናሎክሶንና ፍሉማዜኒል) መኖር አለባቸው። እነዚህ በሌሉበት መሞከር ሕመምን በአደጋ መለወጥ ነው።

መ) ሙሉ ማደንዘዣ። ሴቲቱ ምንም አይሰማትም፤ አንዳንዷም ይህንኑ ትመርጣለች። ዳሩ ግን ለአጭር ሥራ የራሱን አደጋ ይጨምራል። በትንፋሽ የሚሳቡት ማደንዘዣዎች የማኅፀንን ጡንቻ ስለሚያላሉ ደም ይበዛል። ደግሞም የነቃች ሴት ድንገት ከባድ ሕመም ሲሰማት ትናገራለች፤ ይህም ማኅፀኑ ተበስቶ እንደ ሆነ ለባለሙያው ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል። የተኛችው ግን ይህን ለመናገር አትችልም።

ሠ) ቃልና እጅ። የሚፈራ ሰው ሕመም ይበረታበታል፤ በዕድሜ ልጅ የሆነችና ወልዳ የማታውቅ ሴትም ከሌሎቹ የበለጠ ትታመማለች። ስለዚህ እያንዳንዱን ነገር ከመሥራት በፊት መናገር፣ እጇን የሚይዝ ሰው ማቆም፣ ቀስ ብላ እንድትተነፍስ መርዳት፣ በኋላም ሆዷ ላይ ሙቅ ውሃ የያዘ ጎማ ማድረግ ወጪ የሌላቸው መድኃኒቶች ናቸው። የሆነ ሆኖ የመድኃኒት ረዳት እንጂ ምትክ አይደሉም።

፬ኛ፤ መደምደሚያ

የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ14 ሳምንት በታች ለሆነ ጽንስ አይቡፕሮፌንን የመሰለ መድኃኒትና በማኅፀን አንገት ዙሪያ የሚሰጥ ማደንዘዣ በአንድነት እንዲሰጡ ይመክራል፤ የሚቻል ሲሆን ማረጋጊያ እንዲጨመር ሐሳብ ያቀርባል፤ ሙሉ ማደንዘዣን ግን የዘወትር ልማድ ማድረግን አይደግፍም። ሁለቱ ዋነኞቹ መድኃኒቶች ርካሽና የታወቁ ናቸው፤ የማደንዘዣ ሐኪምም አይሹም። ስለዚህ በጤና ጣቢያ ያለ ማስታገሻ መሥራትን ድህነት ብቻውን ምክንያት ሊሆንለት አይችልም።

የቀረው ምክንያት በልባችን ያለው ነው። በባህላችን ሕመምን ችሎ ዝም ማለት ለሴት ምስጋና ነው፤ ስለዚህ ዝም ያለችው አልታመመችም ይባላል። ከዚህም የከፋው «ያመጣችው ራሷ ናት» እያሉ ሕመሙን እንደ ቅጣት የሚቈጥሩ መኖራቸው ነው። ዳሩ ግን ተደፍራ የመጣችውን ልጅ ዳግመኛ በሕመም መቅጣት በየትኛው ሕግ ተጽፏል? ሐኪም ዳኛ አይደለም። ወደፊት በየጤና ጣቢያው የምንመደብ ተማሪዎች ይህን ሥራ ስናይ ወይም ስንሠራ አስቀድመን ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ክኒኑ በሰዓቱ ተውጧልን? የመርፌው መጠን በክብደቷ ተሰልቷልን? ምን ያህል እንደሚያማትስ ሴቲቱ ራሷ ተጠይቃለችን? ለሦስቱም «አዎን» የሚል መልስ ሳይገኝ ሥራው ሊጀመር አይገባም።