ያልሸተተ ዓሣ ሁሉ ታማኝ ምስክር አይደለም

ኦሞ ኦሞራቴን አልፎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ መውጫ ስለሌለው ወንዙ ያመጣው እዚያው ይቀራል። ዳሰነቾች የሚያጠምዱት አምባዛና ቀረሶም የውኃውን ታሪክ በሥጋቸው ይይዛሉ። ታሪኩን የሚያነበው ቤተ ሙከራ ግን ሩቅ ነው፤ የቆላው ሙቀትም ብርቱ። ዓሣው እስኪመረመር የቆየበት ነገር ደግሞ ራሱ ውጤቱን ይለውጣል።

ተረት፦ ፎርማሊን ውስጥ የገባ ዓሣ እንደነበረ ይቆያል።
እውነታ፦ የሚቆየው መልኩ ነው። ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ስለሚያስር ሥጋው አይበሰብስም፤ በዚያው ግን ዲኤንኤውን ማውጣት ያስቸግራል። የፎርማሊኑ ካርቦንም ሥጋው ላይ ይቀራል። ዓሣው ምን ሲበላ እንደኖረ የሚታወቀው ካርቦን 13ን ከካርቦን 12 ጋር በማነጻጸር ነው። ፎርማሊን አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የተፈጥሮ ጋዝ በመሆኑ ካርቦን 13 ያንሰዋል፤ ስለዚህ ዓሣው ያልበላውን የበላ ይመስላል። ፎርማሊኑ ውሎ አድሮ አሲድ ሲሆን ደግሞ የዓሣው ዕድሜ የሚቆጠርባትን የጆሮ ጠጠር ያሟሟታል።

ተረት፦ አልኮል ምንም አይነካም።
እውነታ፦ ለዲኤንኤ ከፎርማሊን እጅግ ይሻላል። ስብን ግን ያሟሟል። ለወባ መከላከያ ሲረጭ የኖረው ዲዲቲ የሚከማቸው ስብ ውስጥ ነው፤ ሥጋው ብቻ ከተለካ ወደ አልኮሉ የወጣው ሳይቆጠር ይቀራል።

ተረት፦ ማድረቅ ውኃ ብቻ ስለሚያስወጣ የሜርኩሪው ልኬት አይለወጥም።
እውነታ፦ ቋንጣን አስቡ። 1 ኪሎ እርጥብ ሥጋ 0.1 ሚሊግራም ሜርኩሪ ቢኖረውና ደርቆ 200 ግራም ቢሆን፣ ሜርኩሪው ሳይጨምር ልኬቱ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ይሆናል። እርጥቡን ከደረቁ ማወዳደር ሕዝብን በከንቱ ያስደነግጣል።

ተረት፦ የድሮ ናሙና ለኬሚስትሪ አይረባም።
እውነታ፦ አያያዙ ከታወቀ ይረባል። እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ1878 እስከ 1909 በተጠመዱ የቱና ዓሦች ውስጥ ሜርኩሪ ለክተው ከዘመናቸው ዓሣ ጋር አነጻጽረዋል። የእኛም ወንዝ የድሮ ምስክር አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ኦሞንና ቱርካናን ያየው የቪቶሪዮ ቦተጎ ጉዞ ዓሦች ሰብስቦ ነበር፤ ቪንቺጌራ የተባለ ጣሊያናዊ የዓሣ ሊቅ በ1898 ስለ እነርሱ ጽፏል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዓሣው እንደተጠመደ ከጀርባው ሥጋ ቆርጦ በረዶ ውስጥ መያዝ፣ ሌላ ቁራጭ ለዲኤንኤ በአልኮል ማኖር፣ የጆሮ ጠጠሯን አውጥቶ ደረቅ ማስቀመጥ፣ ቀሪውን አካል ለመልኩ ፎርማሊን ውስጥ መክተት ነው። በየጠርሙሱ ውስጥ በሚገባ ወረቀት ላይ ቦታው፣ ቀኑና ማቆያው በእርሳስ ይጻፍ፤ ቀለሙን አልኮል ያጥበዋልና።

የግልገል ግቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በኦሞ ላይ ምን እንደተለወጠ የጂንካ ተማሪዎች ነገ ይጠይቃሉ። መልሱን የሚያገኙት ዛሬ ከሚጻፈው ከዚያ ወረቀት ነው።