የሕፃናትን ቆዳ የሚልጠው የመድኃኒት ጠንቅ

መድኃኒት የጀመረ ሕፃን ሰውነቱ ሽፍ ሲል ወላጆች አስቀድመው የሚጠይቁኝ «አለርጂ ይሆን?» ብለው ነው። አብዛኛው ሽፍታ ቀላል ነው፤ መነሻው መድኃኒቱ ሳይሆን ቫይረስ የሚሆንበትም ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬ የማነሳው ግን ከስንት አንዴ የሚያጋጥመውን፣ ሲያጋጥም ደግሞ ፋታ የማይሰጠውን ስቲቨንስ-ጆንሰን ሲንድረምን ነው።

ሕመሙ በዚህ ስም የተጠራው እ.ኤ.አ. በ1922 በሁለት ልጆች ላይ አይተው በገለጹት አሜሪካውያን ሐኪሞች ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል በመድኃኒቱ ሳቢያ በገዛ ቆዳው ላይ ይነሣል፤ የላይኛው የቆዳ ሽፋንም ሞቶ ይላጣል። የተላጠው ከጠቅላላው ቆዳ ከ30 በመቶ ሲበልጥ ቶክሲክ ኤፒደርማል ኔክሮሊሲስ ይባላል፤ ይህ እጅግ የከፋው ደረጃ ነው።

በብዛት የሚጠረጠሩት መድኃኒቶች ጥቂት ናቸው፦ ኮትሪሞክሳዞልና ሌሎች የሰልፋ መድኃኒቶች፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ላሞትሪጅን፣ እንዲሁም የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ኔቪራፒን። አሳሳቹ ነገር ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሐኪም ሲጠይቃችሁ የዛሬውን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ሳምንታት መድኃኒቶች ሁሉ ንገሩ፤ ብልቃጡንም ይዛችሁ ሂዱ።

ምልክቶቹ ትኩሳት፣ የዓይን መቅላት፣ የአፍና የከንፈር መቁሰል፣ ሲነካ የሚያም ቆዳ፣ ውኃ የቋጠረ እብጠት ናቸው። ሕፃን አመመኝ ማለት ስለማይችል ጡት እምቢ ማለቱና ሲያቅፉት ማልቀሱ ይናገርለታል። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያም የጨቅላዎችን ቆዳ ይልጣል፤ እሱ ግን የአፍን ውስጥ አያቆስልም፣ ሕክምናውም አንቲባዮቲክ ነው።

የመጀመሪያው ሕክምና የተጠረጠረውን መድኃኒት ማቆም ነው። በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታውን ስለሚቀሰቅስ፣ ያኑ ዕለት ሆስፒታል ሄዶ ሐኪም ሊተካው ይገባል። ከዚያ ሕፃኑ እንደ ተቃጠለ ሰው ይታከማል፦ ፈሳሽና ምግብ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ሙቀት፣ ንጹሕ የቁስል ሽፋን፣ የዓይን ሐኪም ክትትል። ቅቤም ሆነ ሌላ ቅባት ቤት ውስጥ አትቀቡት፤ የተላጠውንም ቆዳ አትንኩ።

ይህን የምጽፈው መድኃኒት እንድትፈሩ አይደለም፤ እነዚሁ መድኃኒቶች ብዙ ሕፃናትን ያድናሉ። የዳነው ልጅ ግን ያንን መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ዳግም መውሰድ የለበትም። ስሙን በክትባት ካርዱ ላይ አስጽፉለት።