ትልቅ ጎማ የገጠመ መኪና ፍጥነቱን ለምን አሳንሶ ያሳያል?

በካምፓላ ጎዳናዎች ላይ ፋብሪካው ከገጠመላቸው በሚበልጥ ጎማ የሚሽከረከሩ ላንድ ክሩዘሮች፣ ፕራዶዎችና ሃይለክሶች ብርቅ አይደሉም። ወደ መርቺሰን ፏፏቴ፣ ወደ ኪዴፖ ሸለቆ ወይም ወደ ብዊንዲ ደን ለሚጓዝ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ረጅም ጎማ ዲፈረንሻሉን ከመሬት ያርቃል፣ ጭቃና ድንጋይም በቀላሉ ያልፋል። ይሁን እንጂ ጎማው ሲቀየር ፋብሪካው ለመኪናው የቀመረው ሒሳብ አብሮ ይዛባል።

በእነዚህ መኪኖች ላይ የተለመደውን 265/65 አር 17 ጎማ እንውሰድ። ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በምትኩ 285/70 አር 17 ቢገጠም ቁመቱ 831 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ ሰባት በመቶ ነው። ለዚህ ሁሉ ጣጣ ከመሬት የሚገኘው ተጨማሪ ከፍታ ግን የልዩነቱ ግማሽ፣ ማለትም ሦስት ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ መሆኑን ብዙዎች አያስተውሉም።

የፍጥነት መለኪያው መንገዱን አያይም፤ የሚቆጥረው ዙር ነው። አዲሱ ጎማ በአንድ ዙር ሰባት በመቶ የበለጠ ርቀት ስለሚሸፍን፣ መለኪያው ትክክለኛ ከነበረ 80 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው ወደ 86 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ካምፓላን ከኢንቴቤ በሚያገናኘው ፈጣን መንገድ ላይ 100 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 107 ይሆናል። ፍጥነት በሰባት በመቶ ሲጨምር ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚፈጀው ርቀት በ14 በመቶ ገደማ ይረዝማል። ኡጋንዳ እአአ በሰኔ 2025 በካሜራ የሚሠራ የትራፊክ ቅጣት ጀምራ ቅሬታ በመብዛቱ በዚያው ወር ለጊዜው አግዳዋለች። እንዲህ ያለው ካሜራ የሚመዘግበው እውነተኛውን ፍጥነት እንጂ ዳሽቦርዱ ላይ የተጻፈውን አይደለም።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ግን መለካት ይቀድማል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 የፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፤ በተወሰነ መጠን አብልጦ እንዲያሳይ ግን ይፈቅዳል። በዚህም ምክንያት ብዙ ፋብሪካዎች መለኪያውን ሆን ብለው ጥቂት ያስቸኩሉታል። ቀድሞ አምስት በመቶ አብልጦ ያሳይ የነበረ መኪና ትልቅ ጎማ ሲገጠምለት የሚቀረው ስሕተት ሁለት በመቶ ያህል ብቻ ነው። በስልክ ጂፒኤስ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀያይሩ አመሳክሮ ማየት ወጪ የለውም።

ሁለተኛው ችግር ጉልበት ነው። ረጅም ጎማ እንደ ረጅም ማንሻ በሞተሩ ላይ ይከብዳል፤ መሬቱን የሚገፋው ኃይል በዚያው ሰባት በመቶ ይቀንሳል። ካምፓላ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቱርቦ የሌለው ሞተር በስስ አየር ምክንያት ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህሉን አስቀድሞ አጥቷል። ጭነት ይዞ ወደ ካባሌ ተራሮች ሲወጣ ካምቢዮው ማርሽ ደጋግሞ ይለዋውጣል፤ በእጅ ማርሽ መኪና ደግሞ ፍሪሲዮን ቶሎ ያልቃል።

መፍትሔው በዲፈረንሻል ውስጥ ያሉትን ኮሮናና ፒኞን መቀየር ነው። (እነዚህ የጋራዥ ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ በመሆናቸው በካባላጋላ ሠፈር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን እኩል ይግባቡባቸዋል።) በብዙ ቶዮታዎች ፒኞኑ 10፣ ኮሮናው 41 ጥርስ አለው፤ ምጣኔው 4.10 ነው። ለሰባት በመቶ ልዩነት የሚያስፈልገው 4.39 ቢሆንም በቀላሉ የሚገኙት 4.30 እና 4.56 ናቸው። በአስፋልት ለሚያዘወትር 4.30 ይበቃል፤ ጭነት ለሚያበዛና ዳገት ለሚወጣ 4.56 ይሻላል።

የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል የግድ በአንድ ምጣኔ መቀየር አለባቸው። አንዱ ብቻ ተቀይሮ አራቱም ጎማ እንዲነዳ ከተደረገ የኃይል ማከፋፈያው ይታነቃል፤ ሊሰበርም ይችላል። አሮጌ መለዋወጫ በሚሸጥበት ኪሴካ ገበያ ሙሉ ዲፈረንሻል ገዝቶ መግጠም አዲስ ጥርስ ከማስገጠም ሊቀል ይችላል፤ ነገር ግን ሻጩ የነገረውን ከማመን የሁለቱንም ጥርስ መቁጠር ይበጃል።

መካኒኮችም ሳይቀሩ የሚስቱት አንድ ነገር አለ። የዙር ቆጣሪው ያለው ከካምቢዮው ወይም ከኃይል ማከፋፈያው መውጫ ላይ ከሆነ፣ ጥርሱ ሲቀየር የፍጥነት መለኪያውም ይስተካከላል፤ በ4.30 ሰባት በመቶው ስሕተት ወደ ሁለት ይወርዳል። ቆጣሪው እንደ ብዙ አዳዲስ መኪኖች በጎማው እምብርት ካለ ግን የዲፈረንሻሉ ለውጥ መለኪያውን አይነካውም። ለእነዚህ የአዲሱ ጎማ ልክ በኮምፒውተር ይሞላል ወይም ምልክቱን የሚያርም ትንሽ መሣሪያ በሽቦው መካከል ይገባል። በገመድ ለሚሠሩት የቀድሞ መኪኖች ገመዱን የሚያዞረውን ትንሽ ጥርስ መቀየር ይበቃል።

አዲስ ኮሮናና ፒኞን ሲገጠም በጥርሶቹ መካከል የሚተወው ክፍተት ከሚሊ ሜትር ሩብ በታች ስለሆነ በዓይን ግምት አይሠራም፤ በመለኪያ ሰዓትና ጥርሱ ላይ በሚቀባ ቀለም ይረጋገጣል። መጀመሪያ ላይ ጭነት ሳይጎትቱ አጫጭር ጉዞ እያደረጉ ዲፈረንሻሉን ማቀዝቀዝ፣ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላም ዘይቱን መቀየር ያስፈልጋል። ፍሬኑን ግን ይህ ሁሉ ሥራ አያሻሽለውም፤ የትልቁ ጎማ ክብደት እንዳለ በእሱ ላይ ይቀራል። ተጠባባቂው ጎማም እንደ አራቱ መሆን አለበት። ሁልጊዜ በአራት ጎማ በሚነዳ ፕራዶ ላይ አንድ አነስተኛ ጎማ ገጥሞ ረጅም መንገድ መሄድ መካከለኛውን ዲፈረንሻል ይጎዳል።