አንድ ቼሎ ብቻውን

ስለ አውሮፓ ሙዚቃ በተነሣ ቁጥር፥ አንድ ቼሎ ያለ አጃቢ ሲጫወት ማን ቁጭ ብሎ ይሰማዋል? የሚሉ ጓደኞች አይታጡም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ራሳቸው ፈረንጆቹም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ሲሉ ኖረዋል።

ቼሎ ተቀምጠው በጉልበት መካከል የሚይዙት፥ አራት አውታር ያለው፥ ድምፁ የወፈረ የቫዮሊን ዘመድ ነው። እንደ ማሲንቆ ሁሉ ድምፁ የሚወጣው ከደጋኑ ፍትጊያ ነው። ቀድሞ ሥራው በአመዛኙ ከሥር ሆኖ የሌላውን ዜማ መደገፍ ነበር። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ግን በ1720 ገደማ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር በኬተን ልዑል ቤት የሙዚቃ ሹም ሳለ፥ ለቼሎ ብቻ ስድስት ድርሰቶች ጻፈ። ስዊት ይባላሉ፤ እያንዳንዱ በመግቢያ ይጀምርና አምስት የጭፈራ ዜማዎች ይከተሉታል።

ችግሩ፥ የቼሎ ደጋን ከሁለት አውታር በላይ ባንድ ጊዜ እየሳበ ለመቆየት አለመቻሉ ነው። ታዲያ ባኽ ብዙ ድምፅ የሚሰማ እንዲመስል እንዴት አደረገ? በሰሚው ጆሮ ተማምኖ ነው። የመጀመሪያውን ስዊት መግቢያ ልብ ብላችሁ ብትሰሙ፥ ደጋኑ ወፍራሙን ድምፅ ነካ ያደርግና ወዲያው ወደ ቀጫጭኖቹ ይሸሻል፤ ወፍራሙ ግን በጆሮ ውስጥ ይቀራል። ጆሮም የቀረውን ከሚሰማው ጋር ስለሚያጋጥመው፥ አንድ ሰው ሲጫወት ሁለት ሦስት ሰዎች የሚነጋገሩ ይመስላል። በአምስተኛው ስዊት ያለው ሳራባንድ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ሁለት ድምፅ ባንድነት የሚመታበት አንድም ቦታ የለውም። እኔ በበኩሌ ከሁሉ ይህን እመርጣለሁ፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም።

ባኽ በእጁ የጻፈው ወረቀት አልተገኘም። የቀረው ሚስቱ አና ማግዳሌናና ሌሎች የገለበጡት ሲሆን፥ የደጋኑ አሳሳብ ምልክት በግልባጮቹ ላይ አይስማማም። ድርሰቶቹም እንደ ጣት ማፍታቻ መልመጃ ተቆጥረው ቆዩ።

በ1890 የ13 ዓመቱ የካታሎኒያ ልጅ ፓብሎ ካዛልስ ከአባቱ ጋር ሆኖ በባርሴሎና ከአንድ አሮጌ የኖታ መደብር የታተመውን ቅጂ አገኘ። በሕዝብ ፊት ከመጫወቱ በፊት 12 ዓመት ያህል አጠናው። በዚያን ዘመን አስተማሪዎች፥ ተማሪው ቀኝ ክንዱን እንዳያርቅ በብብቱ መጽሐፍ ያስይዙት ነበር፤ ካዛልስ መጽሐፉን ጥሎ ክንዱን ነጻ አወጣ። ስዊቱንም ቆራርጦ ሳይሆን ከነሙሉው ያቀርብ ጀመር።

በሸክላ መቅዳት የጀመረው በ1936 መጨረሻ ለንደን ላይ፥ አገሩ ስፔን በእርስ በርስ ጦርነት ስትነድ ነው። በ1939 ስድስቱም ሲያልቁ ጄኔራል ፍራንኮ አሸንፎ ነበር፤ ካዛልስም በፈረንሳይ ፕራድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተሰደደ። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ታላላቆቹ መንግሥታት ፍራንኮን ዝም ቢሉት፥ እርሱም በአደባባይ መጫወት ተወ፤ ከእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የቀረበለትን የክብር ዲግሪም አልቀበልም አለ። (ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ዲግሪ እንመልስ ነበር?) በ1950፥ ባኽ በሞተ በ200ኛው ዓመት፥ ሙዚቀኞች እርሱ ወዳለበት ወደ ፕራድ ሄዱና ደጋኑን እንደገና አነሣ። በ1973 በ96 ዓመቱ ፖርቶሪኮ ውስጥ ሲሞት ፍራንኮ ገና በሥልጣን ላይ ነበር። አስከሬኑ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ቬንድሬል የተመለሰው በ1979 ነው።

ያ ቀረጻ ዛሬ ሲሰማ ይንጫጫል፤ ከእርሱ በኋላ እነ ፒየር ፉርኒዬ ይበልጥ ጥርት አድርገው ተጫውተውታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ከሦስተኛው ስዊት ቢጀምር ይሻለዋል።