ለአሮጌዋ ፔጆ የዘመኗን ማርሚታ

ድሬዳዋ ወርዳችሁ ታይዋን የሚባለውን ገበያ የዞራችሁ አንባቢዎች፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ በዚያ የማይሸጥ ዕቃ ጥቂት መሆኑን ታውቃላችሁ። የገበያው ስም ራሱ ይመሰክራል። ራዲዮው፣ ስልኩ፣ ሽቶው፣ ጫማው፣ ሁሉም ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ነገር ግን ከደመወዛችሁ ቆጥባችሁ አንዲት አሮጌ ፔጆ 404 ብትገዙና የጭስ ማውጫዋ ዝጎ ቢበሳ፣ ለእርሷ የተሠራ ማርሚታ ከመደርደሪያው ላይ አውርዶ የሚሰጣችሁ ነጋዴ ማግኘት እንደ ሎተሪ ዕጣ ነው። እንግዲህ ያላችሁ መንገድ አንድ ነው፤ ማሠራት። ማሠራትም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጭሱ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላ ወገን ይውጣ እንጂ ሌላው ምን አገባኝ ብሎ ማሠራት ነው። ሁለተኛው መኪናይቱ ከፋብሪካ ስትወጣ እንደነበራት አድርጎ ማሠራት ነው። እኛ የምንነግራችሁ ስለ ሁለተኛው ነው።

ለምን 404ን መረጣችሁ ትሉ ይሆናል። ሐረርንና ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠይቅም። ይህች መኪና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ለሕዝብ ታየች። ቅርጿን የሠራው ጣሊያናዊው የፒኒንፋሪና ቤት ነው፤ ሞተሯ 1,618 ሲሲ ሲሆን፣ ኮፈኖው ዝቅ እንዲል ተብሎ 45 ዲግሪ ወደ ጎን ተጋድሟል፤ ካምቢዮዋም ከመሪው ሥር ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸናፊ ሆናለች። በሐረር ከጀጎል በር እስከ በር ሰው ስታመላልስ ስንት ዓመት ኖራለች! ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ግን ቁጥሯ እጅግ አነሰ። ስለዚህ ዛሬ አንዲቱን አንሥቶ የሚያድስ ሰው፣ ሳያስበው የከተማውን ታሪክ ጠባቂ ይሆናል።

አሮጌ መኪና በዘመኗ መልክ ማደስ በአሜሪካ ትልቅ ሙያ ነው። በ1930ዎቹ የካሊፎርኒያ ወጣቶች ርካሽ አሮጌ ፎርድ እየገዙ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ እየነቀሉ፣ በደረቁ የሐይቅ ሜዳ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። እንዲህ ያለችውን መኪና ሆት ሮድ ይሏታል። ከሁሉ የሚወዱት በ1932 የወጣውን ባለ ስምንት ሲሊንደር የፎርድ ሞተር ነበር። ይህ ሞተር አንድ ጉድለት ነበረበት፤ የተቃጠለው ጭስ በሞተሩ ብሎክ ውስጥ አልፎ ስለሚወጣ ውሃውን ያፈላው ነበር። ስለዚህ ልጆቹ ጭሱን ቶሎ ለማስወጣት ማርሚታውን ያልፉና ቱቦውን በጎን በኩል ክፍት ይለቁታል። ዛሬ የዚያን ዘመን መኪና የሚያድስ ሰው፣ የቱቦው አቀማመጥና የማርሚታው ዓይነት ከዚያው ዓመት ጋር ካልተስማማ ሥራውን ሙሉ ነው አይልም።

ይህን ሰምተው የፔጆዋን ማርሚታ ቆርጠው ለመጣል የሚቸኩሉ ወጣቶች አይጠፉም። በእኛ አስተያየት ግን ይህ ነገሩን መገልበጥ ነው። የሜዳ መሽቀዳደሚያዋ መኪና በዘመኗ ትጮህ ነበር፤ የድሬዳዋዋ 404 ግን የሰው ማመላለሻ ነበረች። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ስለ ገበያው ዋጋ ሲጫወቱ ሾፌሩ መስማት ነበረበት። የዘመኗ ትክክለኛ ድምፅ ዝምታዋ ነው።

ማርሚታው ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ቢዞር፣ አራቱ ሲሊንደሮች እያንዳንዳቸው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚተኩሱ፣ በየሴኮንዱ 100 ጊዜ ጭስ ይተፋሉ። እያንዳንዱ ትፍታ እንደ ትንሽ ጥይት ነው። በማርሚታው ሆድ ውስጥ የተበሱ ቱቦዎችና ክፍሎች አሉ፤ ድምፁ በእነርሱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተላተመ ጉልበቱን ይጨርሳል። የቱቦው ስፋትም በግምት የሚደረግ አይደለም። ጠባብ ቢሆን ሞተሩን ያንቀዋል። በጣም ሰፊ ቢሆን ደግሞ የጭሱ ፍጥነት ይቀንስና መኪናይቱ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ታጣለች። ይህ ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ተነሥታችሁ የደንገጎን ዳገት ስትያያዙ ግን ወዲያው ይታወቃል።

ታዲያ ማርሚታውን የሚበላው ምንድን ነው? አብዛኛው ሰው የመንገድ ድንጋይ ነው ይላል። ዋናው ጠላት ግን ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። መኪናይቱ ረጅም መንገድ ከሄደች ቱቦው ስለሚግል እንፋሎቱ ይወጣል። እንደ ታክሲ አጭር አጭር መንገድ እየሄደች የምትቆም ከሆነ ግን ውሃው ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀምና ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። የጥንት ባለሙያዎች ለዚህ በማርሚታው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሱ ነበር። ሦስት ሚሊሜትር ይበቃል።

ወደ ሥራው ስንገባ የመጀመሪያው ሕግ የዛገውን ቱቦ አለመጣል ነው። ቢበጣጠስም እንኳ መልኩን የሚነግራችሁ እርሱ ነው። ወፍራም ሽቦ ወስዳችሁ በእያንዳንዱ እጥፋት ልክ አጥፉት፤ ስፋቱንም ያልዛገው ቦታ ላይ በካሊፐር ለኩ። የእናንተው ጨርሶ ከጠፋ፣ ሌላ 404 ያለውን ሰው ለምናችሁ ከሥሯ ተኙና ለኩ። ድሬዳዋ ለዚህ ሥራ የታደለች ከተማ ናት። በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ባቡር የወለዳት ከተማ ስለሆነች፣ የምድር ባቡር ድርጅት ትልቁ መጠገኛ እዚያ ነበር፤ ቶርኖ ሠሪውም፣ ቀጥቃጩም፣ በያጁም ለብዙ ዓመት በዚያ ሙያውን ተምሯል።

ብረቱ ተራ የጥቁር ብረት ቱቦ ይሁን፤ የግድግዳው ውፍረት ወደ 1.5 ሚሊሜትር። የውሃ ቧንቧ አታምጡ። አንደኛ ክብደቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ በላዩ የተቀባው ዚንክ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ሰውን ያንቀጠቅጣል። ወተት ጠጥቶ መበየድ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ወተቱ ግን ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይሄድም።

ቱቦው ሲታጠፍ እንዳይጨማደድ የቆየው ብልሃት አሸዋ ነው። አንዱን ጫፍ በእንጨት ደፍናችሁ አሸዋ ሞልታችሁ፣ በመዶሻ እየመታችሁ ጠቅጥቁና ሌላውንም ድፈኑ፤ ከዚያ የሚታጠፈውን ቦታ እስኪቀላ አግላችሁ ቀስ ብላችሁ እጠፉ። አሸዋ በደቻቱ ወንዝ ሞልቷል። ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ አሸዋው በእሳት ላይ ተቆልቶ ፍጹም የደረቀ ይሁን። እርጥብ ከሆነ ውሃው ወደ እንፋሎት ይለወጥና ውታፉን እንደ መድፍ ያስፈነጥረዋል፤ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ካለ ወዮለት።

ሲበየድ ቱቦው ከመኪናይቱ ወርዶ ይሁን፤ የቤንዚኑ ጋን ከኋላ ነውና። መልሳችሁ ስትሰቅሉም በብረት አታስሩት። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ሲነሣ ይወዛወዛል፤ ቱቦው አብሮት ካልተወዛወዘ ከኮሌክተሩ አጠገብ ይሰነጠቃል። ከአሮጌ ጎማ ለበረባሶ እንደሚቆረጠው ያለ ቁራጭ ጥሩ ማንጠልጠያ ይወጣዋል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደው ነገር። ከቤንዚን ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ራስ ያሳምማል፣ ያፈዝዛል፣ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥም ይገድላል። ስለዚህ የቱቦው ጅራት ከመኪናይቱ አካል ወጣ ማለት አለበት። ከተሳፋሪው በታች የሚያፈስ መጋጠሚያ ለአንድ ቀንም አይታለፍም። ለመፈተን ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሡ፤ አንድ ሰው ወፍራም እርጥብ ጨርቅ በጅራቱ አፍ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ይያዝ፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ ያዳምጥ። ፍስስ የሚል ድምፅ የተሰማበት መጋጠሚያ ጓርኒሲዮን ይፈልጋል፣ ወይም ብየዳው ይደገማል።

ሁሉም ዝም ካለ ወደ ደንገጎ አውጧት። ስትመለሱ እስክትቀዘቅዝ ጠብቁና የኮሌክተሩን ዳዶዎች አንድ ጊዜ ደግማችሁ አጥብቁ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን በመጀመሪያው ሙቀት ይተኛልና።